ሰላምታ የማይችለው ራዲዮ

ወደ ይጁቤ ቆላ የወረድኩት ለመፍረድ ነው። ተከሳሹ አንድ ርካሽ የእጅ መነጋገሪያ ራዲዮ ነበር፤ ጥቁር፣ ከስንዝር ያነሰ፣ አጭር አንቴና የተሰካለት፣ ጭንቅላቱ ላይ ደግሞ መብራት ያለው። የምሠራበት ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት አራቱን ገዝቶ፣ "ስልክ ለማይደርስባቸው ጤና ኬላዎች ይሆን እንደሆነ ሞክሪና ንገሪን፤ ስትመለሽ አራቱንም ይዘሽ ነይ" ብሎ ካርቶን አስታቅፎ ሰደደኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ራዲዮ ስጠግን ነው። በእጄ ያለፉት የድሮዎቹ ከጠረጴዛ ቢወድቁ የምንሳቀቀው ለወለሉ ነበር። ይሄኛው ግን ሲያነሱት እንደ ልጅ መጫወቻ ይቀላል። ስለዚህ ገና ከአዲስ አበባ ሳልወጣ ፈርጄበት ነበር። "አይሆንም" የምትለዋን ቃል ከሹራቤ ጋር አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ አስገብቻታለሁ።

እዚያ አገር ሄዳችሁ ለማታዩት ሰዎች እንዳየሁት ልንገራችሁ። የጥንት ሕንፃና ፏፏቴ የሚጠብቅ ካለ ግን ከወዲሁ ይቅርታ፤ እኔን የገጠመኝ ገደል፣ ጭቃና ደግ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ሹፌራችን ዘሪሁን የሞጣ ልጅ ነው። አገሩን ማመስገን ከጀመረ መሪ መያዙን ስለሚረሳ፣ ከሱሉልታ ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር ሳስወራው ሄድኩ። ወሩ ጥቅምት ነበር። ዝናቡ ቆሟል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ኮልፌ ከቤቴ መስኮት የማየው የጎረቤቴን ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ፣ ያን ያህል ሜዳ ባንድ ጊዜ ሳይ ዓይኔ የት እንደሚያርፍ ጠፋው።

ጎሃ ጽዮን ላይ ቁርስ በላን። ፍርፍሩ ደህና ነው፤ ሻዩ ግን ቅርንፉዱ ከመብዛቱ የተነሳ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል። ከዚያ የዓባይን በረሃ ወረድን። እኔ በእንጦጦ ቁልቁለት እንኳ እግሬ ፍሬን የሚፈልግ ሰው ነኝ፤ ዘሪሁን ግን በየመታጠፊያው እያፏጨ ይጠመዘዛል። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ሞተሩ ስለጋለ ዳር ይዘን ቆምን። ዘሪሁን እጁ አያርፍም፤ ሳላየው ከካርቶኑ አንዱን ራዲዮ አውጥቶ ከፈተው።

ራዲዮው ውስጥ አንዲት ሴትዮ አለች። ቁልፍ በተነካ ቁጥር በእንግሊዝኛ ትለፈልፋለች፤ ሠሪዎቹ ሰው እንዳይሳሳት ብለው ያስገቧት ናት። ድምፅዋ ገደሉን ሲያስተጋባው የድልድዩ ጠባቂ የጠመንጃውን ማንገቻ እያስተካከለ መጣ።

"ምንድን ነው የያዝከው?"

"ራዲዮ ነው ወንድሜ።"

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከሷ ጋር ነዋ" አለ ዘሪሁን። ቀልዱ ቦታ እንዳልመረጠ ከእሱ በፊት እኔ ገባኝ።

ከመኪናው አስወረደን። ራዲዮዎቹን ለመሞከር የተሰጠንን የፈቃድ ወረቀት አወጣሁ፤ ጠባቂው አነበበው፤ አላመነውም መሰለኝ ደግሞ አነበበው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በመጨረሻ ወረቀቱን ትቼ በአፌ አስረዳሁት፤ ጤና ኬላ ውስጥ ያለች ልጅ፣ ምጥ የጠናባት ሴት ስትገጥማት አምቡላንስ እንድትጠራበት ነው አልኩት። ሰውየው ራዲዮውን በእጁ መዘነና፣ "እኔን እናቴ የወለደችኝ ቃሬዛ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ" አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ወረቀት አልተነሳም። ከራሱ ጀሪካን ለሞተሩ ውሃ ቀድቶ ሰጠን፤ "ስትመለሱ ሠራች አልሠራች ንገሩኝ" ብሎም አሳለፈን።

ደብረ ማርቆስ ስንገባ ፀሐይ ወርዳለች። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ብርድ የምናውቅ ይመስለናል፤ የማርቆስ ብርድ ግን ከጫማ ነው የሚጀምረው። የሆቴሉ ባለቤት፣ የደረበችውን ጋቢ ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰችኝ። ራዲዮዎቹን ኃይል ልሞላ ብል የክፍሌ ሶኬት አይሠራም፤ ከሆቴሉ ሁሉ የሚሠራው የእንግዳ መቀበያው ብቻ ነበር። አራቱን እዚያ ደርድሬ ስሄድ ሴትየዋ፣ "እኔ እጠብቃቸዋለሁ፤ ግን አይወልዱም አይደል?" አለችኝ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ዘሪሁን አንዱን ይዞ ወደ ከተማው ጫፍ ሄደ፤ እኔ ሆቴሉ ሰገነት ላይ ቆምኩ። ድምፁ ጥርት ብሎ ገባልኝ፤ ዘሪሁን ከጉብታ ጀርባ ሲዞር ግን ጠፋ። እንዲህ ያለው ራዲዮ ጠባዩ ይሄ ነው፤ ዓይን የሚያየው ቦታ ይደርሳል፤ ተራራና ገደል ከመሃል ከገባ ያልቅለታል። ዘሪሁን ሲመለስ የቀበቶ ማንጠልጠያው ተሰብሮ፣ ራዲዮው ራሱ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ ወድቆ ነበር። አራግፌ ብከፍተው ሴትዮዋ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ መለፍለፏን ቀጠለች። ሳልወድ በግዴ ለተከሳሹ አንድ ነጥብ ያዝኩለት።

ወደ ይጁቤ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነው፤ ጠጠሩ ባለቀበት ደግሞ ጥቁር ጭቃ። አንዱ ጭቃ ላይ ተያዝን። ከእርሻ የሚመለሱ ሰዎች ሞፈርና ቀንበራቸውን አስቀምጠው እስከ ጉልበታቸው ገብተው ገፉን። አዲስ አበባ ቢሆን ገና መኪናውን ሳይነካ ስለ ዋጋ የሚደራደረኝ ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። እነዚህ ግን መኪናዋ እንደወጣች ያኮረፉን ወርደን ሰላም ስላላልናቸው ነበር። ዘሪሁን ወርዶ፣ ጭቃ የነካውን እጃቸውን እየጨበጠ፣ የዘር ማንዘራቸውን ደህንነት ጠይቆ አስታረቀን። ሰላምታው ከግፊያው በለጠ። ያን ጊዜ ሰዓቴን እያየሁ ስቁነጠነጥ ነበር እንጂ፣ የጉዞው ዋና ነገር ዓይኔ ሥር እንዳለ አላወቅሁም።

ይጁቤ ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ሲስተር መሰሉ የምትባል አዋላጅ ነርስ ናት። ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችን። የከተማው ስልክ ይሠራል፤ አምቡላንስም አለ። ከአፋፉ ጀምሮ ወደ ታች ቆላው ግን ስልክ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ታች ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትርንጎ ትባላለች። ምጥ የጠናባት ሴት ካለች ሰው ሽቅብ ይሮጣል፤ ግማሽ ቀን ነው።

"አምና የሺ የምትባል እናት ነበረች" አለች መሰሉ። "አምቡላንሱ ዘግይቶ ደረሰ። እሷን አተረፍናት፤ ልጁ ግን አልተረፈም። አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። በአምናው የተነሳ በጣም እፈራላታለሁ። እዚህ መጥተሽ ቆይ ብንላት ከብቱንና አማቷን ጥላ አትመጣም። ትርንጎ ራዲዮ ይመጣል ከተባለ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።"

ከካርቶኑ ጋር የያዝኩት ፍርድ ያን ጊዜ መክበድ ጀመረ። ረቡዕ ስለነበር በተልባ ፍትፍት ተጋበዝን። መሰሉ አልጋዋን ለቃልኝ እሷ ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፈች፤ እምቢ ብል እንደ ስድብ ቆጠረችው።

ሦስተኛው ቀን

ዘሪሁን እስከ አፋፉ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በመኪና አድርሶኝ፣ አንዱን ራዲዮ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሰ። ትርንጎ ከቆላው ወጥታ እየጠበቀችኝ ነበር። ከሃያዎቹ መጀመሪያ የማታልፍ፣ ፈጣን፣ የክትባት ሳጥን ማንገቻ ትከሻዋን ያጎበጠው ልጅ ናት። ከአፋፉ ላይ ቁልፉን ተጭኜ መሰሉን ጠራኋት።

"እሰማሻለሁ!" አለች መሰሉ፤ ከጎኔ የቆመች ያህል ነበር። ትርንጎ እንደ ሕፃን ዘለለች። እኔም በሆዴ፣ ይሄ ነገር ሊያሳፍረኝ ነው መሰለኝ አልኩ።

ቁልቁለቱን ወረድን። ጉልበቴ እንደ ቆየ በር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ትርንጎ ደግሞ እያወራች፣ ያውም በፕላስቲክ ጫማ፣ ቀድማኝ ትጠብቀኛለች። ጤና ኬላው ስንደርስ ቁልፉን ተጫንኩ። ሽሽሽ ብቻ። ድንጋይ ላይ ወጣሁ፤ ሽሽሽ። ከሾላው ዛፍ ሥር ያለ ጉብታ ላይ ወጥቼ አንቴናውን ወደ ላይ አነሳሁት፤ አሁንም ያው ነው። ቀና ብዬ ሳይ አፋፉ እንደ ግድግዳ ፊቴ ቆሟል። ይጁቤ ከግድግዳው ጀርባ፣ ርቆ ነው።

"አልሆነም አይደል?" አለች ትርንጎ።

"ገደሉ ነው" አልኳት።

"ውድ የሆነው ቢመጣስ?"

ውድ የሆነውም ያን ገደል እንደማይበሳው ነገርኳት። የያዝኩት ፍርድ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ግን ትክክል በመሆኔ ያን ቀን ያገኘሁት ደስታ የለም። ትርንጎ የክትባት ማቀዝቀዣውን በር ከፍታ የውስጡን አየችና መልሳ ዘጋችው።

እንድናድር የተወሰድነው የሺና ባሏ ዳምጤ ቤት ነው። የሺ ቀጭን ሴት ናት፤ ሆዷ ቀድሟት ነው በር ላይ የተቀበለችን። ገና ሳልቀመጥ ዳምጤ ገበቴና ለብ ያለ ውሃ ይዞ እግሬ ሥር ተንበረከከ። ጫማዬን ሲያወልቅ አፍሬ እግሬን ሳብኩ።

"ተይ እንጅ፤ የእግዚሃር እንግዳ ነሽ" አለኝና ጎተተው። እኔ ቤት እንግዳ ሲመጣ የማደርገው ቴሌቪዥኑን ወደ እንግዳው ማዞር ነው።

የማሽላ እንጀራ በእርጎ በላን። ስለ አምናው ደፍሬ አልጠየቅሁም፤ ዳምጤ ራሱ ጀመረው።

"ምጧ ሲጠና ሽቅብ ሮጥሁ" አለ። "ያን ዳገት እንደዚያ ሮጬው አላውቅም። አፋፍ ስደርስ የኔታ ዜማ እያስነገሩ ነው።" የኔታ የሚላቸው መሪጌታ ይትባረክን ነው፤ በአፋፉ ሚካኤል የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ፣ ዲማ ገዳም ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። እስከ ይጁቤ ተጋልባ አምቡላንስ የሚጠራባት ያገሩ በቅሎ ያለችውም እሳቸው ዘንድ ነው። "እንዴት አድርጌ ላቋርጣቸው? ነጠላየን አደግድጌ ቆምሁ። ሲጨርሱ ዞረው አዩኝ። 'ዳምጤ፣ ደና ነህ ወይ?' አሉኝ። 'እግዜር ይመስገን' አልሁ። 'ከብቱ ደና?' 'ደና።' 'አዝመራው?' 'ደና ነው የኔታ።' 'የሺስ?' ሲሉኝ ነው አፌ የተከፈተው።"

የሺ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ "እሱ ምን ያድርግ፤ ሰላም ሳይል ይናገር?" አለች። ባሏን የምትከላከል እንጂ የምትከስ አትመስልም ነበር።

አዲስ አበባ ብሆን ሰው ገፍትሬ፣ ጮኼ፣ መንገድ አስለቅቄ ነበር የማልፈው። ያንን ልናገር አፌን ከፍቼ የዳምጤን ፊት አየሁና ተውኩት። መደቡን ለእኔ ለቀው እነሱ ቁርበት ላይ ተኙ።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ከእንቅልፌ የተነሳሁት አንድ ሐሳብ ይዤ ነው። ከቆላው አፋፉ ይታያል፤ ከአፋፉ ይጁቤ ይሰማል። እንግዲያው አፋፉ ላይ አንድ ሰው ቢኖርና የታችኛውን ሰምቶ ለላይኛው ቢያቀብል፣ ገደሉን መብሳት አያስፈልግም። አፋፉ ላይ ሁልጊዜ የሚገኘው ሰው ደግሞ አንድ ነው። ትርንጎ አንዱን ራዲዮ ይዛ ታች ቀረች፤ እኔና ዳምጤ ሌሎቹን ይዘን ዳገቱን ወጣን።

ስንደርስ መሪጌታ ይትባረክ ከወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዜማ ያስነግራሉ። ተማሪዎቹ ይቀበላሉ። የመጣሁበት ጉዳይ አስቸኳይ ነው፤ ሰዓቴም በእጄ ላይ ነው። ግን እመኑኝ አትመኑኝ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ። ዳምጤም ከጎኔ ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ዜማ ማቋረጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እግሬ ከእኔ በፊት አወቀው።

ሲጨርሱ ዞሩ። ከብቱም፣ አዝመራውም፣ የአዲስ አበባ ዘመዶቼም ደህና መሆናቸው ተረጋገጠ። ከዚያ ጉዳዬን ነገርኳቸውና ራዲዮውን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ሴትዮዋ ለፈለፈች።

"ይች ማናት?" አሉ መሪጌታ።

"ማሽኑ ነው የኔታ። የምትናገረው ራሱ ዕቃው ነው።"

"ከደጀ ሰላሙ ትውጣልኝ።"

አወጣኋት፤ ማለትም ድምፅዋን የሚያጠፋውን ትእዛዝ ፈልጌ ዘጋሁት። መሪጌታ ረክተው ተቀበሉኝ። ሲናገሩ ቁልፉን ተጭነው እንዲይዙ፣ ሲሰሙ እንዲለቁት አሳየኋቸውና ከታች ትርንጎን እንዲያነጋግሩ ጋበዝኳቸው።

አደጋው እዚህ ላይ ነው የደረሰው። መሪጌታ ቁልፉን ተጭነው፣ "ትርንጎ፣ እንደምን አደርሽ? ደና ነሽ ወይ? ቤተሰቡስ? ሕመምተኛውስ?" እያሉ ይቀጥላሉ። ታች ያለችው ትርንጎም የኔታ መሆናቸውን ገና በመጀመሪያው ቃል ለይታ፣ ቁልፏን ተጭና፣ "የኔታ እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው?" እያለች ይሆናል። ያገሩ ሰላምታ እንዲያ ነው፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፣ ባንድ ጊዜ ይመልሳሉ፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ራዲዮው ግን ቁልፉ ተይዞ ሳለ አይሰማም። ሁለቱም ይናገራሉ፤ ሁለቱም ደንቆሮ ናቸው። የኔታ ቁልፉን ሲለቁ አልፎ አልፎ የሚመጣው የትርንጎ "…ስገን" ብቻ ነበር።

"ሞቷል" አሉና ራዲዮውን መለሱልኝ።

"አልሞተም የኔታ፤ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ዝም ማለት አለበት።"

"ሰላምታየን ሳትመልስ እንዴት ወደ ነገር እገባለሁ?"

ዳግመኛ ሞከሩ፤ ያው ሆነ። ይጁቤ ያለው ዘሪሁን፣ የመሪጌታን ብቻ እየሰማ፣ "ኦቨር ይበሉ የኔታ! ኦቨር!" እያለ መሃል ገብቶ አደበላለቀው። እኔም ተናደድኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "እንግዲያው አይሆንም ማለት ነው" አልኩ። ዳምጤ መሬት መሬት አየ።

መሪጌታ በቁጣዬ አልተቆጡም። ትንሽ አሰቡና፣ "አንዱ ሲናገር ሌላው ጆሮ ብቻ ነው?" አሉ።

"አዎ የኔታ።"

"ታዲያ ይኸ የቀኝና የግራ ነገር አይደለም ወይ?" ተማሪዎቻቸውን አቁመው በሁለት ወገን ከፈሏቸው። "በማኅሌት ቀኝ ይመራል፤ ግራ ዝም ብሎ ይሰማል። ቀኝ ሲጨርስ ግራ ያነሣል። አንዱ ባንዱ ላይ ከወጣ ዜማው ይፈርሳል። ይህን ሕፃኑም ያውቃል። እኔ መስሎኝ የነበረ የመንገድ ሰላምታ ነው፤ ለካ ማኅሌት ነው!"

"መጨረስዎን በምን ታውቃለች?" አልኩ።

ዳምጤ ፈራ ተባ እያለ፣ "'ተቀበይ' ቢሏትስ?" አለ።

"እሱስ የአዝማሪ ነው" አሉ መሪጌታ፤ ከዚያ ፈገግ ብለው፣ "ይሁን፤ አዝማሪም ዝም ብሎ መስማት ያውቃል" አሉና ቁልፉን ተጫኑ። "ትርንጎ፣ እኔ ሳበቃ ተቀበይ እልሻለሁ። እስከዚያ ከቁልፉ ላይ ጣትሽን አንሽ። ተቀበይ።"

ከገደሉ ሥር የትርንጎ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤ "ሰማሁ የኔታ። ይቀበሉ።" እሳቸውን "ተቀበል" ማለት እንደማይቻል ማንም አልነገራትም። መሪጌታ ቃሏን ለይጁቤ አቀበሉ፤ መሰሉም መለሰች፤ መልሷ ወደ ታች ወረደ። ተማሪዎቹ እልል አሉ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ጭስ ነው እንዳልል ጭስ አልነበረም።

ትርንጎ ነገሩ ስለገባት ደስታዋ ገንፍሎ ከሀ ጀምራ ሰላምታውን ልታደርስ ተነሳች። መሪጌታም በተራቸው ሊመልሱ ቁልፉን ያዙ። ከዚያ ግን ዓይናቸው ዳምጤ ላይ አረፈ። ዳምጤ አምና የቆመበት ቦታ ላይ፣ ነጠላውን እንዳደገደገ ነበር።

"ትርንጎ፣ ስሚኝ" አሉ። "በዚች ሰላምታ የለም። ነገሩ ይቅደም። ሰላምታው አይጠፋም፤ ነገሩ ሲያልቅ እናደርሰዋለን። ተቀበይ።"

"እንዴት አድርጌ የኔታ? ሰላም ሳልልዎ? ሰው ምን ይለኛል? ይቀበሉ።"

"እኔ ነኝ ያልሁሽ። ተቀበይ።"

ከዚያ ራዲዮውን ከወይራው ቅርንጫፍ ላይ፣ ከራሳቸው መቀመጫ በላይ አንጠለጠሉት። "እዚህ ትዋል። ስትጮህ ዜማውን አቆማለሁ" አሉ። ዳምጤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ልሄድ ስል ራዲዮው ጮኸ። ትርንጎ ናት። "ይዘውት ይሄዳሉ እንዴ? የየሺ ወር ገብቷል። ይቀበሉ።"

አራቱንም ይዘሽ ነይ መባሌን አልረሳሁም። የፈቃዱ ወረቀት ገና ወራት ይቀሩታል፤ አለቃዬ ግን ይጮህብኛል። ቁልፉን ያዝኩና፣ "ይቆያል። ተቀበይ" አልኳት። ትርንጎ ኬላ የፀሐይ ኃይል ስላለ የእሷ አያሳስብም፤ ለመሪጌታ ራሴ በመንገድ የምጠቀምባትን ትንሿን የፀሐይ ሰሌዳ ትቼላቸው ሄድኩ።

አምስተኛው ቀን

ወደ ቤት የሚመለሱበት መንገድ ለማውራት አይመችም፤ ሁሉም ነገር የታየ ነው። መሰሉ የጤና ጣቢያውን ራዲዮ አስቀርታ ድፎ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችን፤ ጭቃው ላይ የገፉን ሰዎች ከሩቅ አይተውን ሲያስቆሙን፣ እኔ ራሴ ወርጄ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው አደረስኩ። ዘሪሁን መኪናው ውስጥ ሆኖ ሰዓቱን ሲያይ ሳቅኩበት።

ዓባይ ድልድይ ላይ ያ ጠባቂ አወቀን። "ሠራች?" አለ።

"በሰው ትከሻ ሠራች" አለው ዘሪሁን።

ቢሮ ስገባ ካርቶኑ ውስጥ የነበረው፣ ማንጠልጠያው የተሰበረው ራዲዮ ብቻ ነው። አለቃዬ ካርቶኑን ገልብጦ አራገፈው። "ሌሎቹስ?"

"እየተፈተኑ ነው" አልኩት። ስለ ዕቃው የተሰማኝንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ማንጠልጠያው የማይረባ ነው፤ መብራቱ ከራዲዮው ይልቅ ይወደዳል፤ ሴትዮዋ መዘጋት አለባት፤ ገደል አይሻገርም። ግን አፋፍ ላይ የሚሰማ ሰው ካለው ይበቃል። "አይሆንም" የምትለዋ ቃሌ ከሹራቤ ጋር ሳትታጠብ ተመልሳ ነበር፤ አላወጣኋትም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን የነገረኝ ዘሪሁን ነው፤ መድኃኒት ሊያደርስ ይጁቤ ሄዶ ሲመለስ ሻንጣ እንኳ ሳያወርድ መጣ። በአንዱ ጠዋት የኔታ ዜማ እያስነገሩ ሳለ፣ ከወይራው ላይ የትርንጎ ድምፅ መጣ። "የሺ። ምጥ። ደም አለው። ይቀበሉ።" እንደምን አደሩ የለ፣ ምን የለ። የኔታ ዜማውን መሃል ላይ ቆርጠው ተነሡ፤ ተማሪዎቹ እንዲህ ሲያደርጉ አይተዋቸው አያውቁም። ዳምጤና የሰፈሩ ሰዎች የሺን ቃሬዛ ላይ አድርገው አፋፉ ላይ ሲደርሱ፣ አምቡላንሱ በሩን ከፍቶ ይጠብቃቸው ነበር።

"እና?" አልኩት።

"ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው እትዬ።"

ተቀመጥኩ። ዘሪሁን ግን አልጨረሰም። ነገሩ ማለቁ ከይጁቤ እንደተሰማ፣ መሪጌታ ራዲዮውን ከቅርንጫፉ አውርደው፣ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀምጠው ትርንጎን ጠሯት። እንደምን ዋልሽ አሉ፤ ተቀበይ አሉ። እሷም መለሰች፤ ይቀበሉ አለች። ከብቱ፣ አዝመራው፣ የየሺ አማት፣ የታመመው ጎረቤት፣ ያ ሁሉ ቀርቶ የነበረ ሰላምታ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይወጣ፣ ቀኝና ግራ እየተቀባበለ እስከ ማታ ደረሰ።

ባትሪው ያን ቀን ያለቀው በሰላምታ ነው።